ጫፉ ያልታጠፈ ሽቦ

ዛሬ ጠዋት ከልብስ እጥበት ቤት ያመጣሁት ኮት በሽቦ መስቀያ ተንጠልጥሎ መጣ። ድሮ ሁሉም ልብስ የሚመጣው በሽቦ መስቀያ ነበር። አሁን አሁን ወፍራም ፕላስቲክ ስለሆነ ያንን ቀጭን ሽቦ ሳየው የቆየ ጓደኛ አውቶቡስ ውስጥ ያገኘሁ ያህል ደነገጥኩ። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ሦስት ወሯ ነው፤ መጣል የሚባል ነገር አትወድም። «ስጪኝ እስቲ፣ አንድ ቀን ይጠቅማል» ብላ መስቀያውን ከእጄ ወሰደችው። እኔ ግን ኮቱ ላይ የቀረው የካውያና የእርጥብ ጥጥ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ እዚያ ሳሎን ውስጥ አልነበርኩም። አሜሪካ፣ ብሉሚንግተን በምትባል ከተማ፣ አንድ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ከቁመቴ የሚበልጥ የአንሶላ ጋሪ እየገፋሁ ነበር።

ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ሰው «ድሮ» ሲል እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ግን በዚህ ከተማ አሥራ ስድስት ዓመት ረጅም ነው። ያኔ ስልኬ የሚታጠፍ ነበር፤ አገር ቤት የምንደውለው ቁጥሩ በሳንቲም እየተፋቀ በሚነበብ ካርድ ነው። የክረምት ኮቴን ሌክ ስትሪት ካለ የአሮጌ ልብስ ሱቅ በስድስት ዶላር ገዛሁት። አረንጓዴ የወንድ ኮት ነው፤ ገበሩ ላይ በእስክሪብቶ «ዳግ» ተብሎ የቀድሞ ባለቤቱ ስም ተጽፎበታል። ሁለት ክረምት ሙሉ ዳግ ሆኜ ኖርኩ። ባቡሩን ስጠብቅ ከኮቱ ኪስ የልብስ ቁጥር የሚጻፍባቸውን ትንንሽ ካርዶች አወጣና በጀርባቸው ግጥም እጽፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ግጥም ማለት ቤት የሚመታና መጨረሻው ላይ ምክር ያለው ነገር ይመስለኝ ነበር። ስለ በረዶ ብጽፍም፣ ስለ ባቡር ብጽፍም፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ወጥተው እንደ ሽማግሌ ይመርቃሉ። ጣቢያው ላይ ቆሜ መጨረሻውን እስካገኝ ድረስ ስንት ባቡር አምልጦኛል። ስሜ ትዕግስት ነው፤ በኋላ የማነሳው ጋሽ ሀብቶም «ይህን ስም ያወጣልሽ ሰው አንቺን ሳያይ ነው» ይለኝ ነበር።

ላውንደሪው፣ የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ መስኮት አልነበረውም። ወደ ኤርፖርቱ የሚወርድ አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት የሳሙና ጣሳዎች ይንቀጠቀጣሉ። በአንሶላ በኩል እኔ ነኝ፣ በፎጣ በኩል ሁለት የሶማሌ እህትማማቾች፣ የሸሚዝ መተኮሻው ላይ ደግሞ ሚስ ቨርኔል። እንግሊዝኛ አንቱ ስለሌለው «ሚስ» የምትለዋን ቃል አንቱ አድርጌ ነበር የምጠራት። ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሴንት ፖል ተወልዳ ያደገች ጥቁር አሜሪካዊት ናት፣ ረጅም፣ ስታዜም ከአፏ ሳይሆን ከደረቷ የምታዜም። መጀመሪያ ያናገረችኝ የቅጥር ቅጽ ስሞላ ነው። ዘር የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። ጋሽ ሀብቶምን በስልክ ስጠይቀው «ሐበሻ ብለሽ ጻፊ» አለኝ። ሚስ ቨርኔል በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ አየችው።

«ይህ ምንድን ነው፣ ቤቢ?»

«እኛ ነን» አልኳት።

«ጥሩ። ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያስቆምሽ መዝገበ ቃላት ይዘሽ ውጪ» አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ምን እንዳሳቀኝ የገባኝ ግን ከስንት ጊዜ በኋላ ነው፤ ለፖሊስ ሐበሻም ያው ጥቁር ነው። ግጥም እንደምጽፍ ካወቀች በኋላ ደግሞ «ፖየት»፣ ገጣሚዋ፣ ትለኝ ጀመር።

የምሳ ሰዓት ሲደርስ ሚስ ቨርኔል ሳንድዊቿን በሦስት ጉርሻ ትጨርስና የተጣመሙ መስቀያዎች ከሚጣሉበት ካርቶን አንድ ትመርጣለች። ጣቶቿን በነጭ ፕላስተር ትጠቀልላለች። ሽቦውን አቃንታ ጉልበቷ ላይ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ ትጀምራለች፣ ሁልጊዜ ከደረት። አንድ ቡጢ የሚያህል ነገር ታጥፋለች፣ ከእሱ ትከሻ ይወጣል፣ ከትከሻው ክንድ፣ ተመልሶ ወገብ፣ እግር። አንድ ሰው ከአንድ ሽቦ ብቻ ነው፤ አትቆርጥም፣ አትበይድም። ለትልልቆቹ ደግሞ ከመሣሪያ ሱቅ ጥቁር ጥቅል ሽቦ እየገዛች ቤቷ ትሠራለች። ፊት አትሠራም። ለምን ብዬ ብጠይቃት «ፊታችንንማ ቀኑን ሙሉ ለእንግዳ ፈገግ ስናደርግበት ነው የምንውለው። እኔ የምፈልገው ከአንገት በታች ያለውን ነው» አለችኝ። እውነትም ያ ፊት የሌለው ሽቦ ሲናደድ ታውቂዋለሽ። ሲያፍርም፣ አፍቅሮ ዝም ሲልም ታውቂዋለሽ። ሲጨረስም የሽቦው ጫፍ ሁልጊዜ አንድ ጣት፣ አንዳንዴ አንድ ክንድ ያህል ወደ ውጭ ይቀራል፤ ከእጅ፣ ከተረከዝ ወይም ከራስ ላይ። ሁሌም አየው ነበር። ስለ እሱ ግን ጠይቄ አላውቅም።

በዚያ ዓመት የሰፈሯ ቤተ መጻሕፍት ሥራዋን የምታሳይበት አንድ ክፍል ለአንድ ወር ሰጣት። ላውንደሪው በሙሉ በደስታ ጮኸ፤ እሷ ግን ሸሚዙን መተኮስ አላቆመችም። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሌላ ቦታ ተጋብዛ፣ ሁለቱንም ጊዜ በዋዜማው ደውላ «ይቅርታ፣ አልችልም» ብላለች። «ሽቦዎቹ ከእኔ ቤት ወጥተው አያውቁም» አለችኝ። «ሰው ሲያያቸው ምን እንደምሆን አላውቅም። ይህኛው ደግሞ ከቀረ አራተኛ የሚጋብዘኝ የለም፤ እኔም አልሄድም።» እኔ ይህን ስሰማ ነገሩን ሁሉ በእጄ ያዝኩት። ትዕግስት እያለሁማ አይቀርም! ኤግዚቢሽኑ ቅዳሜ ነው። ዓርብ ከሺፍት በኋላ እሷ የመዘምራን ልምምድ ስላላት «እኛ እንጭናለን፣ እናደርሳለን፣ አንቺ ቅዳሜ ባርኔጣሽን አድርገሽ ነይ» አልኳት። «እኛ» ያልኩት እኔንና ጋሽ ሀብቶምን ነው።

ጋሽ ሀብቶም ኤርፖርት ታክሲ የሚሠራ ኤርትራዊ ነው። አስመራ በአማርኛ ተምሮ ስላደገ ከእኔ የተሻለ አማርኛ ያውቃል፤ ሲናደድ ብቻ ወደ ትግርኛው ይሄዳል። ያኔ የሚነዳው ቡናማ ቫን ውስጥ ካሴት ማጫወቻ ነበረው፤ አንዱ ገጽ የክራር ዘፈን፣ ሌላው ገጽ የድሮ አማርኛ። ካሴቱ አርጅቶ መሃል ላይ የዘፋኙ ድምፅ እንደ ሰካራም ይጎተታል፤ ጋሽ ሀብቶም ግን ጉድለቱን ጭምር ስለለመደው አብሮት ይጎተት ነበር። በወጣትነቱ ጋራዥ ሠርቷል፤ የመሣሪያ ሳጥኑ ከመቀመጫው ሥር አይጠፋም። ያን ዓርብ ከሚስ ቨርኔል ቤት አሥራ አንድ የሽቦ ሰዎች በፎጣ ጠቅልለን ጫንንና እኔ የምኖርበት አፓርትመንት ፓርኪንግ ላይ አቁመን ለመፈተሽ ፈታናቸው። የጸደይ ፀሐይ ነበር፤ በረዶው በየጥጉ ጠቁሮ የቀረበት ጊዜ። ጋሽ ሀብቶም አንዷን ሲያነሳ የሽቦው ጫፍ አውራ ጣቱን ወጋው።

«ዋይ! ጓለይ፣ ልጄ፣ ይህ እኮ አላለቀም!»

«እንደዚህ ነው የምትተዋቸው» አልኩ።

«አልደረሰላትም ይሆናላ። ሺፍት ስትሠራ ውላ፣ ፕራክቲስ ስትል አምሽታ፣ መቼ ትጨርስ? እኔ በተማርኩበት ጋራዥ ጫፉ የወጣ ሽቦ ይዘሽ ብትመጪ ጌታው ራስሽ ላይ ነበር የሚያጥፈው።»

እኔም ነገሩን እንደ ሐበሻ አሰብኩት። ነገ እንግዳ ይመጣል። ልጅ ይዘው የሚመጡ አሉ። አንዱ ሕፃን ቢወጋ? አንዱ «ሥራዋ ጅምር ነው» ቢል? እንግዳ ፊት ጅምር ነገር ይቀርባል እንዴ? ሌላም ነገር ነበር፤ ያለቀ ነገር ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም። «እሺ፣ እናስተካክልላት» ያልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱን ለጋሽ ሀብቶም የሚሰጥ ካለ ይህን ይስማ። እሱ ፒንሳውን አወጣ፣ እኔ ያዝኩለት። አንድ በአንድ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ እያጠፈ፣ ወገባቸው ላይ ወይም ክንዳቸው ላይ እየጠመጠመ ጨረሳቸው። ሥራው የሚያምር ነበር፤ እጅ ብታሳልፊበት አይቧጭርም። «አየሽ?» አለኝ፣ «አሁን ሰው ሆኑ።» ካሴቱን ገለበጥን፤ ሁለታችንም ዘፋኙን ተከትለን ጮኽን።

ቅዳሜ ጠዋት ሚስ ቨርኔል ወይን ጠጅ ቀለም ባርኔጣ አድርጋ፣ ከባርኔጣው ጋር የሚሄድ ቀሚስ ለብሳ፣ አንድ የወረቀት ከረጢት ይዛ መጣች። ጫማዋ አዲስ ስለነበር ስትራመድ ይጮኻል። ክፍሉ ሊከፈት አንድ ሰዓት ቀርቶታል። አሥራ አንዱን የሽቦ ሰዎች ከጣሪያው በክር ሰቅለናቸው ነበር። የመጀመሪያዋ ጋ ሄደች። እናቷ ናት፤ ደረጃ ላይ የተቀመጠች ሴት። ሚስ ቨርኔል እጇን ከሽቦዋ ሴት ራስ በላይ አነሳችና ባዶውን አየር ነካች። ከዚያ ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሦስተኛው። ጫማዋ ይጮኻል። ባርኔጣዋን አወለቀች።

«ማነው?» አለች።

ጋሽ ሀብቶም በኩራት ደረቱን ነፋ። «እኔ ነኝ። ሁሉንም ጨርሼልሻለሁ። አሁን ማንንም አይወጉም።»

«ጨረስካቸው» አለች ሚስ ቨርኔል። ወንበር ስባ ተቀመጠች።  ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «አውርዷቸው። ወደ ቤት እወስዳቸዋለሁ» አለች።

«ሚስ ቨርኔል፣ እኛ ለአንቺ ብለን...»

«አውቃለሁ፣ ቤቢ። ለእኔ ብላችሁ ነው።» በእጇ ወደ እናቷ አመለከተች። «የተቀመጠችበት ደረጃ ከእንግዲህ የለም። ዛሬ መኪና ነድታችሁ የመጣችሁበት ትልቁ መንገድ የተሠራው በእኛ ሳሎን ላይ ነው። ሰፈሩን በሙሉ አፍርሰው አለፉበት። ከራሷ ላይ የሚወጣው ሽቦ ወደዚያ ቤት የሚሄድ ነበር። ያኛው ወንድሜ ነው፤ አንድ ቀን ኮቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ቺካጎ ሄደ። የሱ ከተረከዙ ነበር የሚወጣው። ያቺ ልጅ ደግሞ እኔ ነኝ። እጇ ላይ ያለውን አጥፋችሁባታል። እሱ የመዝለያ ገመዷ ነው።» ጋሽ ሀብቶም ልጅቷን ቀና ብሎ አያት። ገመዷ እውነትም ወገቧ ላይ ሦስት ዙር ተጠምጥሟል። «የእኔን ሰዎች ስንት ጊዜ እንዲህ አድርገው በሥርዓት አጣጥፈው እንዳስቀመጧቸው ታውቃላችሁ? እኔ ለእያንዳንዳቸው አንድ መውጫ ነበር የተውኩት። እናንተ ቆለፋችሁባቸው።»

 ይሄኔ ነው ጠዋት ምን እንደምናደርግ ያወቅሁ መስሎኝ የነበረው ሁሉ ከእጄ የወደቀው። ሦስተኛውም ቀረ፤ ያስቀረሁትም እኔ ነኝ። ክሩን ለመፍታት ወንበር ላይ ወጣሁ።

ጋሽ ሀብቶም ግን ፒንሳውን ከኪሱ አወጣ። የወንድሟን ሽቦ ከክንዱ ላይ ቀስ ብሎ ፈታው። ጎተተው፣ አቃናው፣ እንደገና አቃናው። ሽቦ አንዴ ከታጠፈ ያንን እጥፋት አይረሳም፤ ጫፉ ወጣ፣ ግን እየተቆላመመ፣ እንደ ጸጉር ተጠቅልሎ። «አልቃና አለኝ» አለ። ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ከዚያ ወደ እሷ ሳያይ፣ ለፒንሳው የሚናገር ይመስል፣ በተሰባበረው እንግሊዝኛው ቀጠለ። «እኔ ወጣት እያለሁ ስምንት ወር አስረውኛል። ለምን እንደሆነ አሁን ምን ያደርግልሻል። ጣሪያው ዝቅተኛ ነበር፤ አጎንብሰን ነው የምንቆመው። ከወጣሁ በኋላ ሜዳ ላይ እንኳን አጎንብሼ ነበር የምሄደው። እናቴ ‹ቀና በል እንጂ፣ ሰማይ እኮ ነው› ትለኝ ነበር። አንድ ዓመት ፈጀብኝ።»

ይህን ታሪክ እኔም ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ በየሳምንቱ መኪናው ውስጥ አብሬው ስዘፍን። ሚስ ቨርኔል ተነሳች። መጣችና የተቆላመመውን ጫፍ በጣቷ ተከተለችው፤ እያንዳንዱ እጥፋት ላይ ቆም እያለች።

«እንዲህ ሆነህ ነው የወጣኸው?» አለችው።

«እንዲህ ሆኜ ነው።»

እጥፋቶቹን እንደገና ቆጠረቻቸው። ባርኔጣዋን መልሳ ራሷ ላይ አደረገች። «ሬይመንድም ወደ ቺካጎ ቀጥ ብሎ አልሄደም» አለች፣ ስለ ወንድሟ። «እኔ ነኝ ቀጥ አድርጌ የሠራሁት። ተወው፣ አታቃናው። የቀሩትን ክፈትልኝ። አርባ ደቂቃ አለን፤ ፖየት፣ ምን አፍጥጠሽ ትቆሚያለሽ? ያዢለት!»

እንዲያ ያለ አርባ ደቂቃ ከዚያ በኋላ አላየሁም። እሱ ይፈታል፣ እኔ እይዛለሁ፣ እሷ «ወደ ላይ፣ ወደ ላይ! እናቴ ወደ መሬት አታይም!» እያለች አዲስ ጫማዋን አውልቃ በካልሲ ትሯሯጣለች። የመዝለያው ገመድ ተፈትቶ አየር ላይ ሲወዛወዝ ሦስታችንም አጨበጨብን። በሩ ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ከሺፍት የወጡት የፎጣዎቹ እህትማማቾች ነበሩ፤ የሆቴሉን ዩኒፎርም እንደለበሱ። ከዚያ የሰፈሯ ሰዎች መጡ፣ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ ሁሉም ባርኔጣ። አንዷ ሴትዮ ደረጃው ላይ ከተቀመጠችው ፊት ቆማ፣ የተቆላመመውን ሽቦ ወደ ላይ ተከትላ አይታ፣ «ይህ የእኛ ቤት ደረጃ ነው እኮ» አለች፤ እየሳቀችም እያለቀሰችም። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ሹራብ ደግሞ የሬይመንድ ጫፍ ላይ ተያዘና ሦስት ሰው አላቀቀው። ጋሽ ሀብቶም በአማርኛ «እኔኮ ብዬ ነበር» አለኝ፤ ደስ ብሎት።

እኔም ለዕለቱ ግጥም ጽፌ ነበር። ባይገባትም በአማርኛ እንዳነበው የጠየቀችኝ እሷ ናት። ካርዶቼን አወጣሁ፤ ማንበብ ጀመርኩ። ወደ መጨረሻው ስደርስ ሁለቱ የምክር መስመሮች ጥግ ላይ ተጠምጥመው ቁጭ ብለዋል። አየኋቸው። ሳላነባቸው ካርዱን ኪሴ ከተትኩት። ክፍሉ ትንሽ ጠበቀ፤ ከዚያ አጨበጨበ።

«መጨረሻው የት ሄደ?» አለኝ ጋሽ ሀብቶም፤ ሳምንቱን ሙሉ በመኪናው ውስጥ ሳነበው ስለሰማ በቃሉ ያውቀዋል።

«ቀርቷል» አልኩት። ከዚያ ቀን በኋላ የጻፍኳቸውን ግጥሞች ሰዎች ሲያነቡ «አለቀ?» ይሉኛል። እንደ ምስጋና ነው የምወስደው።

ሰው ሁሉ ሲሄድ ሚስ ቨርኔል የወረቀት ከረጢቷን ከፈተች። አሥራ ሁለተኛዋን ይዛት ነበር የመጣችው። ከራሷ የሚሰፋ ኮት የለበሰች፣ አንድ እግሯ መሬት ያልነካ ልጅ። ባቡር አምልጧታል ወይም ልትደርስበት ነው። ከቀኝ እጇ ክንድ የሚያህል ሽቦ ወጥቶ ወደ ፊት ሄዷል፣ ቀጥ ብሎ። «ዳግ» አልኩ። እሷም እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ይቺን ማንም አልነካትም። ጠብቂያት። ብዙ ደግ ሰው ይመጣብሻል፣ ፒንሳ ይዞ።»

ሚስ ቨርኔል አሁን ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ሄጄ ጣቶቿን በፕላስተር እጠቀልልላታለሁ፤ አሁንም ከደረት ነው የምትጀምረው። ጋሽ ሀብቶም ታክሲውን ትቷል፤ እሷ ቤት ሽቦ የሚያቃና እሱ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። የሽቦዋ ልጅ ዳግ ደግሞ የቤቴ መግቢያ ላይ፣ ከኮት መስቀያው አጠገብ ትሮጣለች። ዛሬ ጠዋት ይህን ሁሉ ሳስብ ኮቴን እንደያዝኩ መቆሜን አላወቅሁም። ስዞር እናቴ ከጓዳ ፒንሳ ይዛ መጥታለች። ከየት እንዳገኘችው እግዜር ይወቅ።

«ምን ልታደርጊ ነው፣ እማዬ?»

«ይህ የልጅቷ ሽቦ ወጥቶ ሰው ይወጋል። እሑድ የጸሎት ቡድኑ ሊመጣ ነው፣ እንግዳ ፊት እንዲህ ተንጨባሮ... ትንሽ ላጥፈው ብዬ ነው።»

«አስቀምጪው።»

«ቢወጋስ?»

«ይውጋ።»

እናቴ እኔንና የሽቦዋን ልጅ ተራ በተራ አየችን። በአገሯ ሰው «ይውጋ» ሲል ሰምታ አታውቅም። ፒንሳውን ጫማ ማስቀመጫው ላይ አኖረችና አንገቷን እየነቀነቀች ስታልፍ የሹራቧ እጅጌ የዳግ ጫፍ ላይ ተያዘ። ቆመች። ክሩን ለማላቀቅ ጎንበስ ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ አየቻት፤ የሰፊውን ኮት፣ መሬት ያልነካውን እግር፣ ወደ ፊት የተዘረጋውን እጅ። ክሩ ከተላቀቀ በኋላም ጣቷ እዚያው ሽቦው ላይ ቆየ።

«ወዴት ነው እንዲህ የምትሮጠው?» አለችኝ።